ብስክሌት ሳይመለስ ሱቅ አይዘጋም

ቶሮንቶ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ ለጋሽ ሀብተማርያም፣

ጣናን ያለ ግድግዳ ያቆመ አምላክ እርስዎንም ያቁምልኝ። እንዴት ሰነበቱ? ጆሮዎስ? ፅዮን "አያቴ ስልክ ሲጮህ በር የተንኳኳ መስሎት ይነሳል" ብላ ጽፋልኝ ስስቅም ስተክዝም ዋልኩ። እንግዲያው ስልኩ ይቅርና እንጻጻፍ። እርስዎ በወረቀት ይጻፉ፤ የልጅ ልጅዎ ፎቶ አንስታ ትልክልኛለች።

እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ኢስት ዮርክ ከጓደኛዬ ከናኦሚ ጋር በተከራየነው ቤት እንዳለሁ አለሁ። ሥራዬም ያው ነው፤ አቅም ያነሳቸው አዛውንቶች ቤት እየዞርኩ ማጠብ፣ ማልበስ፣ መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት። በቀን አምስት ቤት እደርሳለሁ፣ አምስቱንም በብስክሌት። ጎማ ሲተነፍስብኝ መንገድ ዳር ገልብጬ፣ ለጥፌ ስነሳ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያየኛል። "የት ተማርሽ?" ሲሉኝ "ባሕር ዳር አንድ ክፍል ያለው ኮሌጅ አለ፣ ዲኑ አጎቴ ነው" እላቸዋለሁ። ጋሼ፣ እርስዎ ያስተማሩኝ ሙያ ነው ዛሬ በሰው አገር የሚያቆመኝ። እስከ ዛሬ ተቀምጬ አለማመስገኔ ያሳፍረኛል።

ከዚያ የብስክሌት ሱቅዎ የማልረሳው ደግሞ ወጉን ነው። ብስክሌት ተከራይቶ ለሚወጣው ሁሉ "በደህና ግባ"፣ ለተመለሰው ሁሉ "እንኳን በደህና ገባህ"። አንድ ብስክሌት ከቀረች ራት ቢደርስም፣ ዝናብ ቢመጣም ሱቅ አይዘጋም። እማዬ ምግብ አስይዛ ስትልከኝ በሩ ላይ ተቀምጠው መንገድ መንገዱን ሲያዩ አገኝዎት ነበር።

እንዳያስቡ ብዬ የደበቅኩዎት ነገር አለ። አምና ኤግሊንተን ዌስት ላይ፣ ለብስክሌት የተለየ መንገድ በሌለበት፣ አንድ ሰው የቆመ መኪናውን በር ሳያይ ከፍቶ መሐል አስፋልት ጣለኝ። ከኋላ መኪና ይመጣል። ዶሪን የምትባል፣ ፊቱ ላይ ትልቅ ሳጥን በተገጠመለት ብስክሌት ዳቦ የምታድል የጃማይካ ሴት ብስክሌቷን አጋድማ መንገዱን ዘጋችልኝ። ዳቦዋ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ሐኪም ቤት አብራኝ ውላ ቤቴ ድረስ አስገባችኝ። አንድ ቀን እንኳ "እንዲህ አድርጌልሽ" ብላኝ አታውቅም።

አሁን የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ብሉር በሚባለው ጎዳና ላይ ያለውን የብስክሌት መንገድ ልነቅለው ነው ይላል። እኔ በየቀኑ የምሄድበት ነው። ኅዳር 7፣ ቅዳሜ፣ ብስክሌተኛው ሁሉ ብሉርን ይዞ እስከ ምክር ቤቱ ደጅ ሰልፍ ይወጣል። ዶሪን "አጠገቤ ትነጃለሽ" ብላኛለች፤ እኔም እሺ ብያለሁ። ታዲያ ሳይመርቁኝ የትም ወጥቼ አላውቅምና እንደ ሱቁ ወግ "በደህና ግቢ" ይበሉኝ።

የእህትዎ ልጅ ሩሀማ

*

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለመሰረት አደራ፣ ለልጄ ለሩሀማ፣

እናትሽን በገነት ያኑርልኝ፣ አንቺን በሰው አገር ሰው አያሳጣሽ። ጴንጤ ብትሆኚም ጊዮርጊስ ደጅ ስደርስ ስምሽን ሳልጠራ አላልፍም። ቅር አይበልሽ፣ እሱም አልተቀየመም።

እኔ ደህና ነኝ። ጠዋት ጠዋት ሲበርደኝ ኃይለማርያም የላከልኝን ሹራብ እደርባለሁ። የድሮ ጎረቤታችን ኃይለማርያም እዚያው ቶሮንቶ እንዳለ ታውቂያለሽ። በየፋሲካው አንድ ነገር ሳይልክልኝ አያልፍም። የእኔ እንኳ ባልንጀራ አልነበረም፤ የታናሼ የዮሴፍ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጓደኛ ነበር። እኔን ለምን እንደማይረሳኝ አላውቅም። እግዚአብሔር ይስጠው።

መውደቅሽን መደበቅሽ አስቀይሞኛል፤ መነሳትሽ ግን ካሰኝ። ያችን ሴት አጎቴ እጅ ነሥቷል በያት። የራስን ዳቦ በትኖ የሰው ልጅ ማንሳት ቀላል ነገር አይደለም። ስሟን ለየኔታ ሰጥቻለሁ፣ በጸሎት ያስቧታል።

ሰልፉ ግን ይቅር። የመኖሪያ ወረቀትሽ ገና አላለቀም። ደግሞም በብስክሌት ሰልፍ አይወጣም። ለምን አትበዪኝ። የፍሬን ላስቲክ ላኪልኝ ብዬሽ ነበር፣ እሱንም ተዪው። ከአንቺ የምፈልገው ይህን አንድ ነገር ብቻ ነው።

አጎትሽ ሀብተማርያም

*

ቶሮንቶ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ ሀብተማርያም፣

ሰላምና ጤና ከደጅዎ አይራቅ። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። "በብስክሌት ሰልፍ አይወጣም" የሚለው ግን ሦስት ጊዜም አልገባኝም። በእግር ይወጣል ማለትዎ ይሆን?

ጠበቃዬ ዘንድ ደውዬ ጠይቄያለሁ። ሰላማዊ ሰልፍ ነው፣ ወረቀትሽን አይነካም አለችኝ። ፖሊሶቹ ራሳቸው በብስክሌት አብረው እየሄዱ መንገድ ያስለቅቃሉ።

ጋሼ፣ ከአስፋልት ላይ ያነሳችኝ ሴት አጠገቤ ቁሚ ስትለኝ ምን ብዬ ልቅር? "ውለታ የበላ ሰው ጥርሱ ይታያል እንጂ አይስቅም" ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ደግሞ ሳይመርቁኝ መውጣት አልችልም። እዚህ መሐል ቆሜ እጠብቅዎታለሁ።

ሩሀማ

*

ቶሮንቶ፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ ሀብተማርያም፣

ዕድሜዎ ይርዘም፣ ብልሃትዎ ግን ትንሽ ይጠር! አሥር ቀን ሙሉ መልስ ስጠብቅ መልስዎ በእግሩ መጣ።

ትናንት እሑድ ከአምልኮ እንደተመለስን በራችን ተንኳኳ። ናኦሚ በበሩ ቀዳዳ አየችና ዘላ ተመለሰች። "ሩሂ፣ ሱት የለበሱ ሽማግሌዎች ናቸው! ኦ ማይ ጋድ፣ ልጁ ማነው?" እዚህ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች ሽማግሌ የምታውቀው ለጋብቻ ብቻ ነው። እኔስ ብሆን ሌላ ምን ላስብ? እሷ ከፍሪጅ ኬክ አወጣች፣ እኔ ጸጉሬን ነካ ነካ አደረግሁ። ይቅር ይበለኝና ማን ልኳቸው ይሆን እያልኩ በሆዴ ሁለት ሰው መርጬ ነበር።

ጋሽ ኃይለማርያም ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያናችን አገልጋይ አቶ ፍቅሩ እና ብሉር ላይ ቅመም የሚሸጡት እትዬ ጸሐይ አብረዋቸው አሉ። ተቀመጡ ብላቸው አይቀመጡም። "ቃላችንን ሳትሰሚ አንቀመጥም" አሉ አቶ ፍቅሩ። ወግ ነው ብዬ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። የመጣነው ከባሕር ዳር ተልከን ነው፤ ልጄን ከብስክሌት ሰልፍ አስቀሩልኝ ተብለን።" ናኦሚ ኬኩን እንደያዘች ወደ ኩሽና ተመለሰች።

ጋሼ፣ ውቅያኖስ አሻግሮ ሽማግሌ የላከ ሰው ከእርስዎ በፊት ነበር? ልስቅም ላለቅስም ቃጣኝ። እትዬ ጸሐይ "ሩሀማዬ፣ ፔፐርሽ ገና ፕሮሰስ ላይ ነው፤ ለምን ሪስክ ታደርጊያለሽ?" አሉኝ። እምቢ ብል ሦስት ትልልቅ ሰዎች እንደቆሙ ሊሄዱብኝ ነው። የዶሪንን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። አቶ ፍቅሩ ወለል ወለሉን አዩ። "ይኼማ የውለታ ነገር ነው። ውለታሽን አትመልሺ ብለን በየትኛው አፋችን እንጸልያለን?" አሉ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጋሽ ኃይለማርያም ኮሪደሩ ላይ የተደገፈውን ብስክሌቴን ነበር የሚያዩት። በሚያነክሱት እግራቸው ተጠግተው (በረዶ አንሸራትቷቸው ነው ይላል እዚህ ሁሉም ሰው) ሰንሰለቱን በጣታቸው ነካ አደረጉት። ከዚያ "ዋሷ እኔ ነኝ" አሉ። "አብሬያት እሄዳለሁ፣ አብሬያት እመለሳለሁ። ለሀብቴ እንዲህ ተብሎ ይነገረው።"

"ጋሽ ኃይሌ! በዚህ እግርዎ?" አሉ እትዬ ጸሐይ።

"ሳጥን ያለው ብስክሌት አለ አላለችም? ዳቦ ከጫነ እኔን አይጭንም?"

ሁሉም የተቀመጡት ያኔ ነው፤ ኬኩም ከኩሽና ተመለሰ። እንግዲህ ሽማግሌዎችዎ የፈረዱት ይህ ነው። ዋስ አግኝቻለሁ፣ የቀረኝ ምርቃትዎ ነው።

ሩሀማ

*

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሩሀማ፣

የላክኋቸውን ሽማግሌዎች እግዜር ይይላቸው። አስቀሩልኝ ብዬ ብልክ ሰልፈኛ ጨምረው መለሱልኝ። ፅዮን በሳቅ ወደቀች። እኔ አልሳቅኩም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እንግዲህ እባቡን ልንገርሽ።

ዮሴፍ በወባ ሞተ እያልን ነው ያሳደግናችሁ። በወባ አልሞተም። በስድሳ ዘጠኝ፣ በግንቦት፣ ቅዳሜ ቀን፣ ሰልፍ አለብኝ ብሎ ብስክሌት ጠየቀኝ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ሱቁን ከአባታችን ተረክቤ ገና መምራቴ ነው። የገበያ ቀን ስለነበር ደህና ደህናዎቹን ለተከራይ ላስቀምጥ ብዬ ቁጥር ሰባትን ሰጠሁት። ሰንሰለቷ ይወልቅ ነበር። እያወቅሁ ነው የሰጠሁት። "ቀስ ብለህ ንዳት" አልኩት። "በደህና ግባ" አልኩት። እየሳቀ ወጣ።

ሰልፉ ላይ ተኩስ ተከፈተ። መሸ፣ አልመጣም። ብስክሌት ሳይመለስ ሱቅ አይዘጋምና ፋኖስ አብርቼ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሊነጋጋ ሲል እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ ቁጥር ሰባት በሩን ተደግፋ ቆማለች፣ ሰንሰለቷ ወልቆ መሬት ይጎተታል። ማን እንዳመጣት እስከ ዛሬ አላውቅም። ሊያሾፉብኝ ወታደሮች ያመጧት ይመስለኛል። የዮሴፍን ሬሳ እንኳ አላገኘንም።

ሰንሰለቱ ወልቆበት ነው የያዙት። ደህናዋን ብሰጠው ያመልጥ ነበር። ይህን ለእናትሽም ሳልነግራት ሞተች። ግድግዳው ላይ ያለችውን ብስክሌት ልጅ ሆነሽ "ለምን አታከራይዋትም?" ስትዪኝ "ታማለች" ያልኩሽ እሷን ነው። አርባ ሰባት ዓመት የሰው ሰንሰለት ስጠግን የእሷን አንድ ቀን አልነካሁትም።

አሁን ሂጂ ማለት አልችልም፤ ቅሪ ማለቱም ከሽማግሌ ፍርድ በኋላ ነውር ነው። ቅዳሜ ጠዋት ግን ሰንሰለትሽን ተመልከቺው። ሁለት ጊዜ ተመልከቺው።

ሀብተማርያም

*

ቶሮንቶ፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴም ለአጎቴም ለጋሽ ሀብተማርያም፣

ከሰላምታው በፊት፦ በደህና ገብቻለሁ። ዋሴም ገብተዋል። አሁን ይቀመጡ፤ ፅዮንም አጠገብዎ ትሁን። የምጽፍልዎት ብዙ ነው።

ደብዳቤዎ ሐሙስ ደረሰኝ። አልቅሼ አልወጣልኝም። ቅዳሜ ጠዋት ሰንሰለቴን ሁለት ጊዜ ሳይሆን አራት ጊዜ ተመለከትኩት። ጋሽ ኃይለማርያም በሱታቸው ላይ ጋቢ ደርበው መጡ። ዶሪን የዳቦ ሳጥኗን አጥባ፣ ትራስ አንጥፋ ጠበቀቻቸው። "ንጉሥ ጭኜ አላውቅም" ስትላቸው "እኔም ዳቦ ሆኜ አላውቅም" አሏት። ተቃቅፈው ሳቁ።

ጋሼ፣ ብዛታችንን ቢያዩ! አባት ልጁን ከኋላ አዝሎ፣ አሮጊት በሦስት እግር ብስክሌት፣ ተማሪው፣ ምግብ አመላላሹ። ብሉር ከዳር እስከ ዳር ደወል ብቻ ሆነ። የእኛ ሰዎች ምግብ ቤቶች ጋ ስንደርስ አስተናጋጆቹ በር ላይ ወጥተው አጨበጨቡ። እትዬ ጸሐይ ሱቃቸውን ትተው እልልታውን አቀለጡት።

አንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ ብስክሌት የያዘ ፖሊስ መኪናዎቹን አስቁሞ በእጁ እለፉ አለን። ጋሽ ኃይለማርያም ፖሊሱን ሲያዩ የሳጥኑን ጠርዝ ጨብጠው ደረቁ። ፖሊሱ "ጉድ ሞርኒንግ፣ ሰር" አላቸው። ካለፍን በኋላ ዞረው እስኪሰወር ድረስ አዩት። "አስቁሞ አሳለፈን" አሉኝ፤ ይህንኑ ደግመው ደጋግመው አሉ።

ምክር ቤቱ ደጅ ሣሩ ላይ ስናርፍ "ሀብቴ ምን ብሎ ጻፈ?" ብለው ጠየቁኝ። መዋሸት አቃተኝ። ስልኬን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡ። ከዚያ ያሉትን፣ አንድም ቃል እንዳይጠፋብኝ ማታውኑ ጽፌ ያኖርኩትን፣ ይኸው፦

"ሰንሰለቱ አልወለቀም። እሱ ሲነዳ ከኋላው የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። ተኩሱ ሲጀመር እግሬን መቱኝ። እንዳነክስ ያደረገኝ በረዶ አይደለም ልጄ፣ ጥይት ነው። ዮሴፍ ወረደና ኮርቻው ላይ አስቀመጠኝ። 'አንተ መሮጥ አትችልም፣ እኔ እችላለሁ' አለኝ። ብስክሌት እንደሚያለማምዱት ልጅ ኮርቻውን ከኋላ ይዞ እየሮጠ ገፋኝ። 'ለሀብቴ መልስለት፣ ሱቅ አይዘጋም' አለኝ። ከዚያ እጁን ከኮርቻው ላይ አጣሁት። ዞሬ አላየሁም። በአንድ እግሬ እየነዳሁ ሐይቁ ዳር ደንገል ውስጥ አደርኩ። ሰንሰለቱ የወለቀው ሊነጋ ሲል ነው፣ ጊዮርጊስ ጋ ደርሼ። ከዚያ እሷን ተደግፌ እየጎተትኩ ሱቁ በር ደረስኩ። ፋኖሱ ይነድዳል፣ ሀብቴ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። ቀስቅሼ ምን ልበለው? ወንድምህን ትቼ በብስክሌትህ አመለጥኩ ልበለው? አቁሜያት ሄድኩ። ሱዳን ገባሁ፣ እዚህ መጣሁ። በየፋሲካው ልጽፍለት ብዬ ሹራብ እልክለታለሁ።"

ጋሼ፣ እሳቸው ልጆች አሏቸው፣ አራት የልጅ ልጆችም አሏቸው። ትንሹ ዮሴፍ ይባላል። ያችን ብስክሌት ባይሰጡ ኖሮ አንዳቸውም አይኖሩም ነበር። "እኔ ልጽፍለት እጄ አይታዘዝልኝም፤ አንቺ ጻፊለት" አሉኝና ጋቢያቸውን ተከናነቡ።

የብሉር መንገድ ይነቀል አይነቀል ገና አልታወቀም። ምርቃቱንም አልጠይቅዎትም። የፈለጉትን ያህል ጊዜ ይውሰዱ።

ሩሀማ

*

ባሕር ዳር፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩሀማ፣

የዘገየን የማይረሳ አምላክ ይመስገን። ደብዳቤሽ በደረሰ ዕለት አንብቤዋለሁ። ብዕር አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ፤ ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ፅዮን ታመመ ብላ ሐኪም ልትጠራብኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ቁጥር ሰባትን ከግድግዳው አወረድኳት። ኮርቻዋን ከኋላ በኩል ያዝ አድርጌ ቆየሁ፤ እጁ የነበረበትን ማለቴ ነው። አለቀስኩ፣ አልደብቅሽም። በዮሴፍ ያለቀስኩት ገና ዛሬ ነው፤ እስከ ዛሬ በራሴ ስናደድ ነበር የኖርኩት። ከዚያ ናፍጣ አምጥቼ ዝገቱን አጠብኩና ሰንሰለቷን ጥርሷ ላይ መለስኩት። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ፔዳሏን በእጄ ባዞረው ጎማዋ ዞረ።

ዶሪንን አመስግኚልኝ፤ ስለ አንቺም ስለ ኃይለማርያምም። አቶ ፍቅሩንና ጸሐይንም ሽምግልናችሁ ሰመረ በያቸው። ያን የፍሬን ላስቲክም ላኪልኝ፣ ለእሷ ነው፤ የፅዮን ዓይን አርፎባታል። አንቺንም በሰዓቱ ሳልመርቅሽ ቀርቻለሁና አሁን ልበልሽ፣ ልጄ፦ እንኳን በደህና ገባሽ። መንገድሽን የሚነቅል አይምጣብሽ።

የቀረውን ለኃይለማርያም አንብቢለት።

ኃይሌ፣ ያን ማለዳ ብትቀሰቅሰኝ ምን እንደምልህ አላውቅም፤ ወጣት ነበርኩ፣ ክፉም እናገር ነበር ይሆናል። የመጨረሻ ቃሉን ይዘህ አርባ ሰባት ዓመት ስለጠበቅህልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ብስክሌት ለመለሰ ሁሉ አባቴ የሚለው አንድ ቃል ነበር። ከዚህ ሱቅ ሳይባልልህ የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ።

እንኳን በደህና ገባህ። አሁን ሱቁን ልዝጋ።

ሀብተማርያም